የሩበን ቶዘር ጆሮና የታችኛው ማሳ አጥር

ለደብራችን ነዋሪ ሁሉ፣ ለወዳጅም ለባላንጣም፣ ለተገኘውም ላልተገኘውም በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን፦ ሐሙስ ሴፕቴምበር ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ወንዙ በሚወርደው ጠባብ መንገድ፣ አንድ ትራክተርና አንዲት ትንሽ መኪና አፍንጫ ለአፍንጫ ተገናኝተው አንዳቸውም ወደ ኋላ አልሄዱም። የሞተ የለም። የቆሰለ የለም። መንግሥትም አልተገለበጠም። ሆኖም በእኛ በእንግሊዟ ዴቨን ምድር ማን ወደ ኋላ ሄደ የሚለው ነገር ከውርስና ከጋብቻ እኩል የሚታይ ስለሆነ፣ ጉዳዩ በዝርዝር ሊመዘገብ ይገባዋል።

ትራክተሩ ላይ የነበሩት ጋሼ ሩበን ቶዘር ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ይህን እርሻ ከአባታቸው ተረክበው በኪራይ ከያዙ አርባ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ከትራክተሩ ጎን አጥር የሚከረክመው ረጅም የብረት ክንድ ተጣጥፎ ተቀምጧል። በትንሿ መኪና ውስጥ ያለችው ደግሞ የጎረቤታቸው የፔተብሪጅ ልጅ ታምሲን ናት፤ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተምራ ተመልሳ፣ አሁን ለአንድ የወፍ ጠባቂዎች ማኅበር እየዞረች ወፍ ትቆጥራለች። እኔ የደብሩ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፤ ዳቦ ገዝቼ በብስክሌት ስመለስ ከትራክተሩ ኋላ ተቀረቀርኩ። ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአፈር ካብ፣ ከካቡ በላይ ደግሞ የቁጥቋጦ አጥር ስለሆነ፣ በዚያ መንገድ ትራክተር ካለ ድመትም አታልፍ፤ እኔም ብስክሌቴን ትቼ፣ ዳቦዬን እንደያዝኩ ለማየት ካቡ ላይ ተንጠላጠልኩ።

«ወፌ፣ ወደ ኋላ ሂጂ» አሉ ጋሼ ሩበን ከላይ ሆነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ወጣት ሴትን «ወፌ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ሲቆጣም ሲያቆላምጥም።

«እርስዎ ይሂዱ ጋሼ። መተላለፊያው ከኋላዎ ሃያ እርምጃ ነው።»

«ካንቺ ኋላ አሥራ አምስት ነው።»

«ለክተውታል?»

«አንቺ ሳትወለጂ ለክቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተለጥጧል።»

«የአባትሽ ልጅ! እሱም እዚሁ ቦታ ላይ ከወተት መኪና ጋር ተፋጦ ምሳውን በልቶ፣ እንቅልፉን ተኝቶ ነው የተነሳው።» ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ፍረድ።»

የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ዳቦውን ይመረምራል። እኔም ዳቦዬን መረመርኩ።

ነገሩ የመንገድ እንዳልሆነ የገባኝ ታምሲን ቀጥላ ያደረገችውን ሳይ ነው።  ሞተሯን አጥፍታ፣ ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተች፤ ወርዳም ከትራክተሩ ፊት ቆመች።

«ወዴት ነው የሚሄዱት ጋሼ?»

«ወዴት እሄዳለሁ? ወደ ታችኛው ማሳ። አጥሩን ልላጨው።»

«አይላጩት። ጎጆ አለበት። ሦስት ጫጩቶች ናቸው፤ ከተፈለፈሉ አራት ቀናቸው። ለመብረር ዘጠኝ ቀን ቢያገኙ ይበቃቸዋል።»

«በሴፕቴምበር? የቷ ሰነፍ ናት እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ልጅ ሳትወልድ የቆየችው?»

«ሰነፍ አይደለችም፤ ሦስተኛ ሙከራዋ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቁራ በላባት። ሁለተኛዎቹን ዝናብ ገደለባት። ሰርል ናት ጋሼ። ያቺ ድንቢጥ የምታክለው፣ ባሏ ቢጫ ፊትና ጥቁር ጉሮሮ ያለው። ድሮ በደቡብ እንግሊዝ ሁሉ ነበረች። ዛሬ የቀረችው ከሞላ ጎደል እዚሁ የእኛው ባሕር ዳር ነው። ከወንዙ በዚህ ወገን ደግሞ ያገኘሁት እነዚህን ጥንዶች ብቻ ነው። ከተወለደችበት ርቃ የምትሄድ ወፍ አይደለችም፤ እዚህ ከጠፋች ከሌላ ቦታ መጥታ የምትተካት የለችም።»

ጋሼ ሩበን ሕግ አክባሪ ሰው ናቸው፤ በተለይ ሕጉ ሲስማማቸው። «ከማርች አንድ እስከ ኦገስት ማለቂያ አትቁረጡ ተባልኩ፤ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ኦገስት ሰኞ አለቀ። ዛሬ ሐሙስ ነው። መብቴ ነው።»

«ወፍ ያለበትን ጎጆ እያወቁ ማጥፋት ግን በየትኛውም ወር ወንጀል ነው።»

«እኔ መች አወቅኩ? አንቺ ነሽ አሁን ያሳወቅሽኝ! አፍሽን ዘግተሽ ብትቀመጪ ንጹሕ ሰው ሆኜ እቆርጠው ነበር። ጥፋቱ ያንቺ ነው።»

ሕግ የተማሩ ሰዎች ይህን ክርክር እንዴት እንደሚመልሱት አላውቅም። ታምሲን ግን አልሳቀችም። ሽማግሌውም አልሳቁም፤ የሞተሩን ድምፅ ከፍ አድርገው ትንሽ ወደ ፊት ገፉ። በትራክተሩና በመኪናዋ መካከል የቀረው ክፍተት የታምሲን ውፍረት ብቻ ነበር፤ እሷም ወፍራም አይደለችም።

«ጋሼ ሩበን!» ብዬ ጮህኩ።

ቆሙ።  «ነገ በአራት ሰዓት ክራውች ይመጣል» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

ክራውች የመሬቱ ባለቤት ወኪል ነው። የጋሼ ሩበን የኪራይ ውል በዚሁ ወር መጨረሻ ያልቃል፤ ይታደስ ወይስ ይቅር የሚለው በእሱ ብዕር ላይ ነው።

«ክራውች ላም አያይም፤ አፈር አያይም» ቀጠሉ። «በመኪናው ሆኖ የሚያየው አጥር ነው። አጥሩን ያልከረከመ ገበሬና ሱሪውን ያልቆለፈ ሽማግሌ እዚህ አገር አንድ ናቸው፤ ‹በቃ ይሄ ሰውዬ ደክሟል› ይባላል። ጄቤዝን ታስታውሻለሽ? አምና አጥሩ ጎፈረበት። እግሩን አሞት ነበር። ክራውች ደብተሩ ላይ ‹ደክሟል› ብሎ ጻፈ። አሁን ጄቤዝ የት ነው ያለው? ከተማ ውስጥ ፎቅ ላይ ተቀምጦ የመኪና ማቆሚያ ያያል። ሰላሳ ላም ያይ የነበረ ሰው! የቆሙ መኪኖችን ቀለም በቀለም ይቆጥራል።»

እነሆ፣ የአገራችን በሽታ ይህ ነው። ገበሬዎቻችን አጥር የሚከረክሙት አጥሩ ስለፈለገ አይደለም፤ ጎረቤት ስለሚያይ ነው። በየዓመቱ መከሩ እንደተሰበሰበ በየማሳው የብረት ክንድ ይዘረጋል፤ ቅርንጫፉ ይቀጠቀጣል፤ አጥሩ እንደ ወታደር ራስ ይላጫል። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላም «የቶዘርን አጥር አይታችኋል? ሳጥን ነው የሚመስል!» ይባላል። ከዚህ የበለጠ ምስጋና በደብራችን የለም። ሳጥን ውስጥ ግን ማንም ልጅ አያሳድግም።

ታምሲን የሰውዬው ፍርሃት ሲገባት ድምፅዋን አለዘበች። «ጋሼ፣ ቁጥቋጦው የሚያብበው አምና ባበቀለው ቅርንጫፍ ላይ ነው። እርስዎ በየዓመቱ የዓመቱን ሲቆርጡበት መቼ ያብብ? ካላበበ ቀዩ ፍሬ የለም። ቀጋው የለም። በበረዶው ወራት ከሰሜን የሚመጡት ወፎች ምን ይበሉ? ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቁመት ላይ ሲመታ ላዩ ይቋጠራል፣ ሥሩ ይራቆታል። ከሥሩ ብርሃን ይታያል። ወፍ ደግሞ ብርሃን የሚታይበት ቤት አትገባም፤ ቁራውም ያያታላ።»

«ለአባቴ መንግሥት ራሱ ከፍሎት የመካከለኛውን ማሳ አጥር አስነቀለው። ‹ማሳ ይስፋ፣ ዘመናዊ ሁን› ብሎት። አሁን ደግሞ እኔን ‹እንከፍልሃለን፣ መልሰህ ትከል› ይለኛል። እኛ ቤት ስንት ጊዜ ነው የምንታዘዘው?»

«ያ አጥር ከተነቀለ ወዲህ የዝናብ ውሃ የት ይሄዳል?»

«በመንገዱ ይወርዳል።»

«ብቻውን?»

 የመካከለኛው ማሳ ቀይ አፈር በየዓመቱ ከውሃው ጋር ወርዶ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንደሚጋደም፣ ቄሱም አካፋ ገዝተው እንደሚዝቁት ሁላችንም እናውቃለን።

«እሺ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ታምሲን። «ወፍ ሲዘምር ለመጨረሻ ጊዜ የሰሙት መቼ ነው?»

ሽማግሌው ፊታቸው ተቀየረ። «ጆሮዬን ለምን ታነሺያለሽ? ማን ነገረሽ?»

«ምን ማን ነገረኝ?»

ከሸሚዛቸው ኪስ የባቄላ ፍሬ የምታክል የመስሚያ መሣሪያ አውጥተው በመዳፋቸው ላይ አሳዩን፤ ያደረ ቁስል የሚያሳዩ ያህል ተጨንቀው። «ለሰጡኝ ለጆሮ ሐኪም ቤቱ ሰዎች ሦስት ጊዜ መለስኩላቸው። ሦስቴም እዚያ የምትሠራው ልጅ መርምራ ‹ምንም አልሆነም፣ ይሠራል› አለችኝ። ምኑ ነው የሚሠራው? ላሟ ስታላምጥ እሰማለሁ። ሰዓቱ ሲቆጥር እሰማለሁ። ጎረቤቴ ሲያማኝ በሁለት አጥር አሳልፌ እሰማለሁ። ወፍ ግን የለም። ልጅ ሆኜ እንቅልፍ ይነሱኝ ነበር። አሁን ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ መሣሪያውን አስገባለሁ፣ አወጣለሁ፤ ምንም። ያን ጊዜ ነው ለራሴ ‹ሩበን፣ አለቀልህ› ያልኩት። ይህን ለሰው አልተናገርኩም። ክራውች እንዳይሰማ።»

 «ጋሼ፣ እኔም አልሰማም» አለች ታምሲን።

«ምን አልሽ?»

«ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ጆሮዬ ደህና ነው። በማሳዎ ላይ አምስት ጠዋት በተከታታይ ቆሜ ቆጥሬያለሁ። ከቤትዎ በር እስከ መካከለኛው ማሳ ጫፍ ድረስ በጽሑፍ ያሰፈርኩት ሁለት ርግብና አንድ ቁራ ነው። ጆሮዎ አልደከመም። መሣሪያውም አልተበላሸም። የሉም ጋሼ። የሚሰማ ስለሌለ ነው የማይሰሙት።»

ጋሼ ሩበን እጃቸውን ዘርግተው ሞተሩን አጠፉ።

ሰው ጆሮው ጤነኛ መሆኑ ሲነገረው ደስ ይለዋል ብዬ አስብ ነበር። እሳቸው ግን የተናደ ቤት እንደሚያይ ሰው በዚያ ዝምታ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተመለከቱ። እኔም አዳመጥኩ። ዘጠኝ ዓመት በዚያ መንገድ ተመላልሻለሁ፤ ልጆችን ስለ አገራቸው አስተምራለሁ፤ አገሩ ዝም ማለቱን ግን ያስተዋልኩት ገና ያን ዕለት ነው። ጸጥታ ነው እያልኩ ለእንግዶች አወድሰው ነበር!

«ጥቂት በጥቂት ስለሄዱ ነው» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ። «ሁሉም በአንድ ቀን ተነስተው ቢሄዱ እንሰማቸው ነበር።» ከትራክተሩ ወረዱ። «አሳዪኝ።»

ማንም ወደ ኋላ ሳይሄድ መኪናና ትራክተር እንደተፋጠጡ ትተን፣ በካቡ ላይ ተንጠላጥለን አልፈን በእግር ወረድን።

የታችኛው ማሳ አጥር ለጋሼ ሩበን የሚያሳፍር ነገር ነበር። ባለፉት ሁለት ዓመታት በበረዶው ወራት ማሳው ጭቃ ሆኖ ትራክተር አላስገባ ብሎ ስለነበር ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነካም። ቀጋው ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ የዱር እንጆሪው ከሥሩ ተጠላልፏል፤ ቀዩ ፍሬ ቅርንጫፉን አጉብጦታል። ታምሲን ከበሩ አላሳለፈችንም። ከዚያው ቆመን ጠበቅን። ጋሼ ሩበን መሣሪያውን ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ።

አምስት ደቂቃ። ምንም። አሥር ደቂቃ። አንድ ቁራ ከወንዙ በኩል መጥቶ አጥሩ ላይ አረፈና አንገቱን አዘነበለ። ታምሲን ሰዓቷን አየች። «ትናንት በዚህ ሰዓት እየመጣች ትመግባቸው ነበር» አለች፤ ቀጥላም ለራሷ፣ «ትናንት ነበሩ» አለች። ጋሼ ሩበን አጎንብሰው ድንጋይ አነሱ። አርባ አንድ ዓመት በማሳቸው ላይ ቁራ ሲያዩ የኖሩ ሰው፣ ያን ዕለት ወረወሩበት። ሳቱት፤ ግን በረረ።

ከዚያ መጣች። ግራጫማ፣ ቡናማ፣ ዓይን የማትገባ ነገር። በአፏ ፌንጣ ይዛ ከአጥሩ አጠገብ ባለ ሽቦ ላይ ቆየች፤ ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፤ ጠልቃ ገባች። ወዲያው ከአጥሩ ውስጥ ቀጭን ጫጫታ ተነሳ።

ጋሼ ሩበን ክንዴን ያዙኝ፤ አመመኝ። «እነዚያ ናቸው? እንደዚያ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ የሚጮኹት?»

«እነሱ ናቸው» አለች ታምሲን።

«ሰማሁ» አሉ። ከአጥሩ ጫፍም ባልየው እንደ ስፌት መኪና መርገጫ ያለ ማቋረጥ ሲያንጣጣ፣ «ይሄንንም ሰማሁ! አባቴ አጥር ሲያስተኛ ይሄ ነገር ራሱ ላይ ይጮህበት ነበር» አሉ።

«እንዴት ነበር የሚያስተኛው?» አልኩ፤ መምህር ነኝና።

«በቆንጨራ ነዋ። ግንዱን ከሥሩ ከግማሽ አሳልፎ ይቆርጠዋል፤ ጨርሶ ግን አይቆርጠውም። ከዚያ በጎኑ ያስተኛዋል። የተኛ ግንድ አይሞትም፤ በየጎኑ ያቆጠቁጣል። በግ አይሾልክበትም፣ ነፋስ አያልፍበትም። አንዴ ከተሠራ ስንት ዓመት! በሦስት ዓመት አንዴ ጫፍ ጫፉን መቀንጠብ ነው፤ እሱም ፍሬው ተበልቶ ካለቀ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ።»

«እኔም የምልዎት ይህንኑ ነው» አለች ታምሲን።

«ታዲያ ዩኒቨርሲቲ የላኩሽ አባቴ የሚያውቀውን መጥተሽ ልትነግሪኝ ነው?»

«አባትዎ ስለሞቱ ነዋ ጋሼ። አንድ ሰው ሊነግርዎ ይገባ ነበር።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ደረቀ። «ነገስ? ክራውችስ?»

እዚያው በበሩ ላይ ተደግፋ ታምሲን ወረቀት አውጥታ ትጽፍላቸው ጀመር፤ ለወኪሉ እንዲያነቡለት። ጽሑፉን አይቼዋለሁ፤ ከእሷ ቃል ብዙም ሳልርቅ ላስፍረው፣ ለሌላውም ገበሬ ይጠቅማልና። አጥር በሦስት ዓመት አንዴ፣ በየተራ ከሦስት አንዱ ብቻ ቢቆረጥ፣ ሁልጊዜ አንዱ ያብባል፣ ሌላው ያፈራል፤ ወፍ በጋውን ቤት፣ የበረዶውን ወራት ምግብ ታገኛለች። የገበሬው ነዳጅና ድካም ከሦስት እጅ ሁለቱ ይቀርለታል። ወፍራም አጥር ነፋስ ይሰብራል፤ ጥጃ በዝናብ ጊዜ ይጠለልበታል፤ ላም በሙቀት ቀን ጥላ ታገኝበታለች። ሥሩ አፈር ይይዛል፤ አፈሩም ማሳው ላይ ይቀራል፤ ቄሱ አካፋቸውን ያስቀምጣሉ። በአጥር ውስጥ ያደሩ ወፎችና ነፍሳት ሰብል የሚበላውን ትል ይለቅማሉ። የተነቀለ አጥር መልሶ ቢተከል ይበቅላል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። የጠፋች ወፍ ግን አጥሩ ስለበቀለ ብቻ አትመጣም፤ የምትመጣበት ቅርብ አጥር፣ ከዚያም ሌላ አጥር፣ ተያይዞ ሊኖር ይገባል። ስለዚህ ከመትከል በፊት ያለውን አለመንካት ይቀድማል።

ጋሼ ሩበን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እውነት ነው» አሉ። «ሁሉም እውነት ነው። በፌብሩዋሪም ቆንጨራውን እስለዋለሁ፤ አንቺም መጥተሽ ትማሪያለሽ።» አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ለእኔ ደግሞ፣ «መምህር፣ ነገ በአራት ሰዓት ና። ሰው ብቻውን ሲፈረድበት ጥሩ አይደለም» አሉኝ።

ሌሊቱን እሳቸው እንዳልተኙ ዓይናቸው ነገረኝ። ዓርብ ጠዋት ጢማቸውን ሁለት ጊዜ የተላጩ ይመስል አገጫቸው ቀልቶ፣ ክራቫት አስረው በታችኛው ማሳ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ታምሲን ከእኔ ጎን ቆማለች፤ ጎጆው ጠዋትም ደህና እንደነበር በጆሮዬ ነገረችኝ።

ክራውች ክፉ ሰው አይደለም። ትሑት፣ ጫማው ንጹሕ፣ ድምፁ እንደ ሐኪም የለሰለሰ ነው፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። የላይኛውን ማሳ በመኪና አለፈ፤ የመካከለኛውን አለፈ። ታችኛው ማሳ ሲደርስ አቁሞ ወረደ። አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ። ደብተሩን ገለጠ።

«ሚስተር ቶዘር፣ ይሄኛው አልተቆረጠም።»

«አልተቆረጠም።»

«አሞዎት ነበር እንዴ?»

«አላመመኝም።»

«ትራክተሩ ተበላሽቶ?»

«ትናንት ሲሠራ ነበር። እሷ ምስክር ናት፤ ሊገጫት ነበር።»

«ሰው አጥተው ከሆነ አይፈሩ፣ ይንገሩኝ። ዕድሜ የሁላችንም ነው» አለ ክራውች በርኅራኄ፤ ብዕሩም ወረቀቱን ነካ። ታምሲን ከጎኔ «ወረቀቱን፣ ወረቀቱን» እያለች በሹክሹክታ ትለምናለች። የጋሼ ሩበን እጅ ወደ ኪሳቸው ሄደ። የወረቀቱን ጫፍ ሲነኩት አየሁ። ከዚያ እጃቸውን ባዶውን አወጡና ከጀርባቸው አጣመሩ።

«እንግዲህ ምክንያት መጻፍ አለብኝ» አለ ክራውች። «ለምንድን ነው ያልቆረጡት?»

«አርባ አንድ ዓመት ስቆርጥ፣ ለምን ቆረጥክ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ ጋሼ ሩበን። «አሁንም ለምን አልቆረጥክም ተብዬ አላስረዳም።»